ከመጨረሻው ገጽ ለጀመሩት መርማሪዎች

ገዳሪፍ፣ ግንቦት 1998 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ጓንጉል ደሴ፣
የኒም ጥላ መረዳጃ ማኅበር የመጻሕፍት መርማሪ ጉባኤ ሰብሳቢ፣

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር ዝቅ ብዬ እጠይቃለሁ። ሰማዩ እያጉረመረመ ጠብታውን በሚነፍግበት፣ ጥቁሩ የገዳሪፍ አፈር አፉን ከፍቶ በሚጠብቅበት በዚህ የግንቦት ሙቀት ለወገብዎ ጽናትን፣ ለእግርዎ ብርታትን፣ ለቤተሰብዎ ሰላምን፣ ለዓይንዎ ግን ከሁሉም አብልጬ ብርሃንን እመኛለሁ። ለዓይንዎ ያደላሁበት ምክንያት ደብዳቤዬ ገፋ ሲል ይገለጥልዎታል።

እኔ ከጎንደር አድባራት በአንዱ ዳዊት ደግሜ፣ ዜማ ተምሬ፣ ቅኔ ቆጥሬ ወደዚህ ወደ ሱዳን አገር የተሰደድሁ፣ ልጆች በመንገድ ሲያዩኝ ሳቃቸውን የሚውጡልኝ ሰው ነኝ። ዋዛ አልወድም፤ ታላቁን የማያከብር ወጣት ባየሁ ጊዜም ዝም ብዬ አላልፍም። ይህን ጠባዬን ጉባኤዎ በሚገባ ያውቀዋል፤ ስለሚያውቀውም ነው ሳያማክረኝ ስሜን የተጠቀመበት።

የደብዳቤዬን ግልባጭ በማኅበሩ በር ላይ ስለምለጥፍ፣ ቆሞ የሚያነብ መንገደኛ ግር እንዳይለው የነገሩን መነሻ ባስታውስ ጉባኤዎ እንደ ድፍረት እንዳይቆጥርብኝ እለምናለሁ። መምህርት አይናለም ደረሰ ከማኅበሩ አዳራሽ ጀርባ ባለችው፣ ልጆቹ በዐረብኛ «መክተባ» በሚሏት የንባብ ክፍል፣ በየዓርቡ ጠዋት እዚሁ ተወልደው ያደጉትን ወጣቶች አማርኛ ማንበብ ታስተምር ነበር። እነዚህ ልጆች፣ የክርስቲያኑም የእስላሙም፣ አማርኛውን በቤታቸው ይሰሙታል፤ ትምህርታቸው ግን በዐረብኛ ስለሆነ ፊደላችንን የሚያዩት እንደ ሩቅ ዘመድ ፎቶግራፍ ነው፤ ማን እንደሆነ ሳይለዩት ያከብሩታል። መምህርቷ ይህን አይታ በመተማ ቆላ የሚነገረውን የድምፅ በላውን አውሬ ተረት ወሰደች፤ ለወጣት እንዲመች አሳጠረችው፤ ገጹን በየክፈፉ ከፋፍላ በሥዕል ተረከችው፤ በገበያው ማተሚያ ቤት አሳትማም «የድምፆች ከረጢት» በሚል ስም ለተማሪዎቿ አደለችው።

ጉባኤዎ መጽሐፉን መረመረ፤ መርምሮም ነቀፈ፤ ነቅፎም ቅጂዎቹን ሁሉ ሰብስቦ በዕቃ ቤት ቆለፈባቸው፤ መምህርቷን አሰናበተ፤ የንባብ ክፍሏንም ለሰሊጥ ጆንያ ማስቀመጫ ሰጠ። በበሩ ላይ የተለጠፈው ውሳኔ «መሪጌታ አንዳርጌም በዚህ እንደሚስማሙ የታመነ ነው» በሚል ቃል ይዘጋል።

ስለዚህ እምነት እጅግ አመሰግናለሁ። ሰው በሕይወቱ ሳለ በሙሉ ልብ መታመኑ ብርቅ ነው፤ ሳይጠየቅ መታመኑ ደግሞ ከብርቅም ብርቅ ነው። ሆኖም የተስማማሁበትን ነገር ከተስማማሁ በኋላም ቢሆን ማወቅ ይገባኛል ብዬ ከዕቃ ቤት ጠባቂው ከሰልማን አንድ ቅጂ በውሰት ወስጄ ከልባስ እስከ ልባስ፣ ከሽፋን እስከ ሽፋን አነበብሁት። በሐቅ ለመናገር፣ ላወግዘው ተዘጋጅቼ ነበር የተቀመጥሁት፤ የውግዘቱም ቃል በአፌ ሞልቶ ነበር። የሆነውን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ታሪኩ ቅደም ተከተል።

ተረቱ በቆላው ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ወንዟ በደረቀባት አንዲት ከተማ አጠገብ፣ ውኃውን በጉሮሮው ይዞ የተኛ አውሬ አለ። የከተማይቱ ሽማግሌዎች ጥቂት ውኃ እንዲለቅላቸው በየዓመቱ የልጆቻቸውን ድምፅ ይገብሩለታል፤ እርሱም የተገበረለትን ድምፅ በከረጢት ቋጥሮ በዋሻው ይሰቅላል። ድምፅዋን የተነጠቀች ወለላ የምትባል ልጅ ወደ ዋሻው ወርዳ የከረጢቱን ማሰሪያ ትፈታለች፤ ድምፆቹ ወደየባለቤቶቻቸው ይበራሉ፤ አውሬውም ባዶውን ቀርቶ ደርቆ ድንጋይ ይሆናል፤ ወንዙ ይፈስሳል፤ ሽማግሌዎቹም ልጆቹን ይቅርታ ይለምናሉ። በመምህርቷ መጽሐፍ ውስጥ ያለውም ይኸው ነው።

የጉባኤዎ ውሳኔ ግን ሰምቼው የማላውቀውን ሌላ ተረት ይነግረናል። በውሳኔው እንደተጻፈው፣ መጽሐፉ ሽማግሌዎች ልጆችን ሲለማመጡ ይጀምራል፤ ይህም ብልግና ነው። ቀጥሎ አንድ ድንጋይ ነፍስ ዘርቶ አውሬ ይሆናል፤ ይህም ጥንቆላ ነው። ከዚያ ወለላ የተባለችው ባለጌ፣ በሰላም ይጫወቱ ከነበሩ ልጆች ድምፃቸውን ሰብስባ በከረጢት ቋጥራ ለአውሬው ታስረክባለች፤ ይህም ጭካኔ ነው። «ሆኖም» ይላል ውሳኔው፣ «በመጨረሻ ልጆቹ ጸጥ ብለው ሽማግሌዎች በሰላም ሲመክሩ መታየታቸው የመጽሐፉ ብቸኛ መልካም ትምህርት ነው።»

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣ ጉባኤዎ መጽሐፉን ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ ወደ መጀመሪያው አንብቦታል።

እንዴት እንደሆነ ይገባኛል። የገበያው ማተሚያ ቤት የዐረብኛ ደረሰኝና የሠርግ ጥሪ ሲያትም የኖረ ነው፤ ጠራዡም እጁ በለመደው ሥርዓት ባለ ሥዕሉን ልባስ በእኛ ዘንድ መጨረሻ በሆነው ገጽ ላይ አጣበቀው። መምህርቷ ይህን ባየች ጊዜ እንደገና ለማስጠረዝ አቅሙ ስላልነበራት በመጀመሪያው ዓርብ ልጆቹን «ገልብጡትና ከባዶው ልባስ ጀምሩ» አለቻቸው፤ ገለበጡት፤ ነገሩም በዚሁ አለቀ። ጎረቤቴ ሼህ አብዱልሰላም ዕድሜ ልካቸውን ከቀኝ ወደ ግራ ሲያነቡና ሲያስነብቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቅጂውን በእጃቸው ባስያዝኋቸው ጊዜ ከፈት አድርገው የገጹን ቁጥር አዩና «መሪጌታ፣ ይህን እንግዳ በጓሮ በር አስገብታችሁታልሳ» ብለው አዙረው መለሱልኝ። ስለዚህ ጥፋቱን በዐረብኛ ማመካኘት አይቻልም። ከቀኝ ማንበብን ከማንም የሚበልጡት ሰው አልተሳሳቱም፤ ከግራም ከቀኝም ማንበብን እናውቃለን የሚለው ጉባኤ ነው የተሳሳተው። አላዋቂ ሳሚ የሚባለውን ተረት ለማዕረግዎ ስለማይመጥን እስከ መጨረሻው አልጠቅሰውም።

ሁለተኛ፣ ስለ ገጽ ቁጥሮቹ።

ከውሳኔው ነቀፌታዎች አንዱ «የገጾቹ ቁጥር ወደ ታች መቁጠሩ ወጣቱን ወደ ኋላ ለመመለስ የታሰበ መሆኑን ያመለክታል» ይላል። ይህን ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ባነበብሁትም ቁጥር ለጸሐፊው ያለኝ አድናቆት ጨምሯል። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጥሩ ወደ ኋላ ሲሄድ አይቶ መጽሐፉን ይገለብጥ ነበር፤ ጉባኤዎ ግን ራሱን ከመጠርጠር ቁጥርን መክሰስ መረጠ። በመጽሐፉ ውስጥ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ሲመጣም አለመገረማችሁን ሰምቼ በመጀመሪያ ተደነቅሁ፤ ኋላ ግን የማኅበሩን ጠቅላላ ስብሰባዎች አስታውሼ መደነቄን ተውሁ። እዚያ የለመዳችሁት ሥርዓት ነውና።

ሦስተኛ፣ ስለ አውሬውና ስለ ሥዕሉ።

ውሳኔው «አውሬና ዘንዶ የተሣለበት ነገር ሁሉ የሰይጣን መንገድ ነው፤ ሥዕልም ለሕፃን እንጂ ለአካለ መጠን ለቀረበ ወጣት አይሆንም» ይላል። ይህን እኔ ራሴ ልለው ያዘጋጀሁት ነበር፤ ስለዚህ በናንተ አፍ ሳገኘው እንደ ተሰረቀ በግ አወቅሁት። ነገር ግን እውነት ከኔም ከእናንተም ይበልጣል። እኔ ፊደል ሳልለይ፣ በደብሬ የግድግዳ ሥዕል ላይ ፈረሰኛው ዘንዶውን ሲወጋ አንጋጥጬ እያየሁ ነው ክፉ የሚሸነፍ መሆኑን የተማርሁት። ዘንዶው ባይሣል ኖሮ ጦሩ ምን ላይ ሊያርፍ ነበር? ዘንዶውን ደምስሳችሁ ፈረሰኛውን ብቻ ብታስቀሩት፣ ያለ ምክንያት ባዶ አየር የሚወጋ አንድ ሰው ታስቀራላችሁ፤ እንዲህ ያለውን ሰው ለማየት ደግሞ ሥዕል አያስፈልገንም፤ ወደ ጉባኤዎ ጎራ ማለት ይበቃል።

አራተኛ፣ ስለ ተማሪዋ ስለ ብፅአት።

ውሳኔውን ልትነግሩ ወደ ክፍሏ በገባችሁ ቀን፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ብፅአት ተነሥታ፣ እጅዋን አጣምራ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና መጽሐፉን የያዙት በተገላቢጦሽ ነው» እንዳለች፣ እርስዎም «አንቺ፣ ማን ጠየቀሽ? ቁጭ በይ!» ብለው እንዳስቀመጧት፣ ክፍሉም ከዚያ በኋላ ጭጭ እንዳለ የነበሩት ሁሉ ይናገራሉ። ከዚያ በኋላ በበሩ የተለጠፈው ውሳኔም ይህን «መጽሐፉ ያስከተለው የሥነ ምግባር ብልሽት» ብሎ መዝግቦታል።

ስለ ሥነ ምግባር ከተነሣ ጥቂት የምለው አለኝ። ይህች ልጅ ከጥቂት ወራት በፊት በሱቅ በር ስታገኘኝ በዐረብኛ አጎቴ ለማለት «ያ ዓሚ፣ አንተ ወዴት ትሄዳለህ?» ያለችኝ ናት። በአክብሮቷ አልጠረጠርኋትም፤ ልጆቹ እዚህ ሲያድጉ ታላቅን እንዴት እንደሚጠሩ የነገራቸው አልነበረም እንጂ። መምህርቷ ይህን ስላወቀች ወለላን በአውሬው ፊት ስታቆማት ድምፅ ስለሌላት «ከረጢቱን ይስጡኝ፤ የርስዎ አይደለም» ብላ በጣቷ በአሸዋ ላይ እንድትጽፍለት አደረገች። አውሬን ሳይቀር አንቱ የምትል ጀግና! በዚህ ብዙ ሳቅሁ፤ መሳቄም ይመዝገብልኝ። ልጆቹ ግን ከዚያች ገጽ በኋላ አንቱታን ተማሩ፤ የመጀመሪያው ፍሬም ለርስዎ ደረሰ። ብፅአት በአክብሮት እውነት ነገረችዎት። ከሁለቱ የቱ እንዳስቆጣዎት ለማወቅ አልደፍርም።

አምስተኛ፣ እኔ በመጽሐፉ ላይ ያገኘሁት ነቀፌታ።

መምህርት አይናለም ጠበቃ ቀጠረች እንዳይባል የራሴን ፍርድ አልሸሽግም። የወለላ ጸጉር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደተበተነ ነው፤ ወደ ዋሻ የሚወርድ ሰው ጸጉሩን ይሰበስባል። የሽማግሌዎቹ ጢም አጥሯል። ሰው ሲወድቅ «ዱብ!»፣ ድንጋይ ሲንከባለል «ጓጓጓ!» እየተባለ በትልልቅ ፊደል መጻፉ ለጆሮ እንጂ ለዓይን የሚገባ አይደለም፤ ምንም እንኳ ልጆቹ «ጓ»ን ከነቤተሰቡ የለዩት በዚሁ ድንጋይ መሆኑን መካድ ባልችልም። ገጸ ባሕርያቱ ከአፋቸው ፊት በተነፋ ፊኛ ውስጥ የሚናገሩት ቃልም እጅግ ያጠረ ነው፤ እንዲህ ያለ አጭር ንግግር እኔ በተማርሁበት ጉባኤ ቤት ቢሰማ ተናጋሪው ታሟል ተብሎ ይጠየቅ ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የመጨረሻው ነው። እውነተኛውን መጨረሻ ማለቴ ነው፤ ጉባኤዎ መጀመሪያ ያለውን። በቆላው ሲነገር እንደ ሰማሁት፣ ወንዙ ከፈሰሰ በኋላ ሽማግሌዎቹ እንዲሁ ይቅር አይባሉም። ከከተማው በር ውጭ በፀሐይ ይቆማሉ፤ ድምፁን የገበሩበትን እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ይጠሩታል፤ የተጠራው ልጅ «አቤት» ብሎ በራሱ ድምፅ ሲመልስ ብቻ አንድ ርምጃ ወደ ውስጥ ይገባሉ። የልጁን ስም የረሳ ሽማግሌ እስኪያስታውስ ድረስ ከውጭ ያድራል። መምህርቷ ይህን ሁሉ ትታ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ልጆቹ ሲያቅፏቸው የሚታዩበትን አንድ ገጽ ሣለች። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ ለወጣት እንዲቀልል ብላ፣ ደግሞም ታላላቆች እንዳይከፉ ፈርታ መሆኑን ነገረችኝ። ተቆጣኋት። የዚህ ዕድሜ ልጅ ታላቅ ሰው ሲሳሳት ያያል፤ የሚጎድለው ታላቅ ሰው ስሕተቱን ሲክስ ማየት ነው፤ እርሱን ከመጽሐፍ ካላገኘ ከወዴት ሊያገኘው ነው? ከኒም ጥላ ማኅበር?

እንግዲህ ስለ ልመናዬ።

ዕቃ ቤቱ ቆርቆሮው ወንፊት መሆኑን ሰልማን አሳይቶኛል። ይህን እናንተም ሳታውቁት አልቀራችሁም፤ ሰሊጡን ከዚያ አውጥታችሁ ቆርቆሮዋ ወደማያፈስሰው የንባብ ክፍል ስታዛውሩ፣ መጻሕፍቱን በሰሊጡ ቦታ አስቀምጣችኋልና። ስለ ሰሊጡ ያላችሁ አርቆ አሳቢነት የሚያስመሰግን ነው። ዝናቡ ደርሷል። አንድ ጥሩ ዶፍ ከጣለ የእነዚህ ልጆች ብቸኛ የአማርኛ መጽሐፍ ለምስጥ የሚቀርብ ገንፎ ይሆናል፤ መምህርቷም ሁለተኛ የምታሳትምበት አቅም የላትም። ያን ጊዜ ከቀኝም ይጀመር ከግራ፣ የሚነበብ አይኖርም። ልጆቹም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭጭ እንዳሉ ናቸው፤ አማርኛ ተናገሩ ሲባሉ «ተዘግቷል» ብለው በዐረብኛ ይመልሳሉ። ውሳኔው ያሞገሰው ጸጥታ ተገኝቷል፤ እንኳን ደስ አላችሁ።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ዝናቡ ሳይቀድምዎት በመጪው ዓርብ ጠዋት ከነጉባኤዎ መጥተው ሰሊጡ ወደ ሰሊጡ ቦታ፣ መጽሐፉ ወደ መጽሐፉ ቦታ፣ መምህርቷም ወደ ወንበሯ እንዲመለሱ ያደርጉ ዘንድ እለምናለሁ። ካደረጉ በኋላ ግን ወዲያው ወደ ውስጥ እንዳይገቡ። ከበሩ ውጭ፣ ኒሙ ጥላ በማይጥልበት በኩል ይቁሙና ልጆቹን አንድ በአንድ በስማቸው ይጥሯቸው፤ ከብፅአት ቢጀምሩ ደግ ነው። መምህርቷ ይህን ክፍል ከመጽሐፉ ማስቀረቷን ነቅፌ ነበር፤ አሁን ግን እንዲያው ያስቀረችው ለርስዎ ይሆን እያልሁ አስባለሁ። የልጆቹን ስም የማያውቁ እንደሆነ አይጨነቁ፤ እስኪያጠኑ ድረስ በውጭ ለሚቆዩበት ጊዜ ሼህ አብዱልሰላም ምንጣፍ፣ እኔ ደግሞ የውኃ ቅል አቀርባለሁ።

ካልመጡም ቅር አንሰኝም። ከሰልማን የተዋስሁት ቅጂ በእጄ ነው፤ የሚያፈስስ ጣሪያም የለኝም። ዓርብ ጠዋት ልጆቹ በማኅበሩ ደጅ ተቀምጠው ያነባሉ፤ የወለላን ክፍል ብፅአት፣ የሽማግሌዎቹን ሰልማን ይይዛሉ። የአውሬው ድምፅ ለኔ ደርሶኛል። ልጆቹ ከማንም ይልቅ እኔ እንደምስማማ የታመነ ነው ብለዋል፤ እነርሱስ አስቀድመው ጠይቀውኛል።

ጉባኤዎ ስሜን ለማስከበር ስለደከመው ድካም በማመስገን፣ ማኅበሩን ከስሕተት የሚጠብቅልንን ንቁ ዓይንዎን ከሞራ፣ ማኅተምዎን ከዝገት፣ ሰሊጥዎን ከነቀዝ አምላክ እንዲጠብቅልዎ እየጸለይሁ፣ ከእግርዎ በታች ሳይሆን ከፊትዎ ቆሜ እጅ እነሣለሁ።

መሪጌታ አንዳርጌ ጋረደው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጥንቃቄ ክፉ አይደለምና በደብዳቤዬ ቅጠሎች ሁሉ ላይ ቁጥር ጽፌባቸዋለሁ፤ ቁጥሩም ወደ ላይ ይቆጥራል። እንደ ልማድዎ ከዚህ ጀምረው ወደ ኋላ ያነበቡት እንደሆነ ግን፣ አንድ ቁጡ ሽማግሌ በዘለፋ ጀምሮ፣ ቀስ በቀስ እየለዘበ ሄዶ፣ በመጨረሻ ዝቅ ብሎ ጤናዎን ሲጠይቅና ለዓይንዎ ብርሃን ሲመኝ ያገኙታል። ጉባኤዎ የሚያጸድቀው ንባብ የትኛው እንደሚሆን አላጣሁትም፤ መሪጌታ አንዳርጌ በዚያ እንደማይስማሙ ከወዲሁ ይታመን።